አስተርጓሚውን በሆላንድኛ የከሰስሁ ዕለት

ሰው ቋንቋ የሚማርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ ይማራል፣ አንዱ ለሹመት፣ አንዱ ደግሞ ልቡ ከባዕድ አገር ሰው ጋር ተጣብቆበት። እኔ ሆላንድኛ የተማርሁት አንድ ሰው በአደባባይ ለማዋረድ ነው። ይህን ሳወራ የሚሸማቀቁ ዘመዶች አሉኝ። መሸማቀቅ መብታቸው ነው፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ነገሩን አሳምሬ ለመተረክ አቅሙም ፍላጎቱም የለኝም።

ጊዜው የሃምሳዎቹ ዓመታት ነው። ዳንግላ ከተማ ዳር አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። ሐኪሙ ከሆላንድ የመጡ፣ ረጅም፣ አንገታቸው በፀሐይ የቀላ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው «ደህና ነሽ» እና «ተነሺ» ከሚሉት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አስተርጓሚ ቀጥረዋል። ከሌላ የጎጃም ወረዳ የመጣ፣ ጥቂት ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጦ እንግሊዝኛ ቀመስ የሆነ ሰው ነው። ከሐኪሙ ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ። የዳንግላም ሆነ የእንጅባራ ሰው ሕመሙ ወደ ሐኪሙ ጆሮ የሚደርሰው በዚህ ሰው አፍ በኩል ብቻ ነበር፤ ይህን ደግሞ እሱ አሳምሮ ያውቀዋል። ካፖርቱን በቀበቶ ሸብ አድርጎ በር ላይ ይቆምና ሽማግሌውን ሁሉ «አንተ»፣ አሮጊቷን ሁሉ «አንቺ» እያለ ያስገባል።

እናቴን ያመጣኋት ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለው መንደራችን ነው። ሳሉ አልለቅ ብሏት ከርሞ ደም መትፋት ስትጀምር ወንድሜ በበቅሎ እስከ እንጅባራ፣ ከዚያ እኔ በጭነት መኪና እስከ ዳንግላ አደረስናት። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ፤ በየቀኑ መርፌ ታዘዘላት። ዘመድ ቤት አርፈን በየጧቱ ወደ ክሊኒኳ እንሄዳለን። እናቴ አማርኛ ትሰማለች፣ ገበያም ትገበያይበታለች። ሕመሟን ለመናገር ግን የሚቀናት አገውኛ ነው። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ቀን አብሬያት ልገባ ስል ሰውየው በክንዱ በሩን ዘጋው።

«አስታማሚ ደጅ ነው የሚቀመጠው» አለኝ።

«አገውኛዋን ወደ አማርኛ ላግዝዎ ብዬ ነው።»

«ይሄን ያህል ዓመት እዚህ ኖሬ አገውኛ የማላውቅ መሰለሽ? ዞር በይ።»

ዞር አልሁ። የክሊኒኳ ግድግዳ በጭቃ የተመረገ ቀርቀሃ ስለነበር ደጅ ተቀምጬም የውስጡ ንግግር ይሰማኛል። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ እናቴ ረጅም ነገር ስትናገር ሰማሁ። መርፌው ከተጀመረ ወዲህ ጆሮዋ ውስጥ የንብ ቀፎ የተቀመጠ ይመስል እንደሚጮህ፣ ስትነሳ መሬቱ እንደሚያዘነብልባት፣ ይህ የሆነው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ሁሉ ሳይቀር በአገውኛ ዘርዝራ ነገረችው። እሱ ወደ ሐኪሙ ዞሮ ሁለት ሦስት ቃል አለ። በቃ። ሐኪሙም አንድ ቃል መለሱ፣ መርፌውም ተወጋ።

ሲወጣ ጠብቄ ጠየቅሁት። «ያን ሁሉ ነገሩልኝ?»

«አጠር አድርጌ ነግሬያለሁ። ሐኪም ተረት አይሰማም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ነገረችው። ከዚያ በኋላም እንደገና፣ አሁን የሰው ድምፅ ራቅ እያለባት መሆኑን ጨምራ። «ወሬ አበዛች» አለኝ ስትወጣ፣ እሷ እዚያው አጠገቤ ቆማ። መርፌው እስከ መጨረሻው ተወጋ። አንድ ቀን ጧት እንስራ ከእጄ አምልጦ ከጀርባዋ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እናቴ ጎመኗን መቀንጠስ አላቆመችም።

ሳሉ ግን ዳነ። በክሊኒኳ መዝገብ የዳነች ተብላ ተጻፈች። የሚያገኙን ሰዎች ተመስገን በይ ይሉኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ከሁሉ የጠላሁት ተመስገን በይ መባልን ነው። እናቴን መልሼ ወንድሜ ዘንድ አደረስሁና፣ የሐኪሙ ሚስት ልብስ የምታጥብና ወጥ ቤት የምትረዳ ሴት ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ወደ ዳንግላ ተመለስሁ። ከባሌ ተፋትቼ እናቴ ቤት የገባሁ ነበርሁና የሚይዘኝ አልነበረም። ሆዴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ሰው ምን እንዳስቀረ ማወቅ፣ ካወቅሁ በኋላ ደግሞ እሱንም ሰው ፊት አፉን ማስያዝ።

መጀመሪያ እንግሊዝኛ ልማር ብዬ ነበር። ግን በእንግሊዝኛ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው እሱ ነው። አንዲት ቃል ብወረውር ቀድሞ ይሰማኛል፣ ይስቅብኛል፣ ያስባርረኛል። ሐኪሙና ማዳም የምንላቸው ሚስታቸው ግን ቤት ሲገቡ ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ። አስተርጓሚው ያን ቋንቋ አያውቀውም። ማዳም ሲያወሩ ፊቱ ባዶ ይሆናል፣ ልክ እኔ በእንግሊዝኛው እንደምሆነው። ያን ባዶ ፊት ባየሁ ቀን ወሰንሁ። በጓሮ በር ልገባ።

ማዳም በአገራቸው አስተማሪ ነበሩ። ልጅ የላቸውም፣ ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ክሊኒክ ናቸው፣ ዝናቡ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ሰው እስኪናፍቃቸው ድረስ ብቻቸውን ነበሩ። በሚያውቋት ጥቂት አማርኛና በእጄ ምልክት ቋንቋቸውን እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው፤ ለሐኪሙ ድንገተኛ ደስታ ይሆናልና እንዳይነግሯቸው አስማልኋቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ሳቁ። ቅን ሰው ነበሩ። ቅንነታቸውን ረግጬ መውጣቴን አልክድም።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ፣ ድንች ስንልጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ከኛ ከአገዎቹ የማይተናነስ ድንች ወዳጅ ናቸው። ማዳም ደብተር አላወጡም። ጠረጴዛው ላይ ማንኪያ፣ ቢላዋና ድንች በተርታ ደረደሩ። ማንኪያው አድራጊው ነው። ቢላዋው ግሱ ነው። ድንቹ ተደራጊው ነው። ማንኪያ፣ ቢላዋ፣ ድንች፦ ሰውየው፣ ይበላል፣ ድንች። በኛ ቋንቋ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው ቢመጣ ጤናውን እንጠይቃለን። ድንቹን ሳይጠራ መብላቱን ይናገራል እንዴ? እኔ ቢላዋውን አንስቼ መጨረሻ ላይ አስቀመጥሁት። ማዳም ሳቁና ወደ ቦታው መለሱት።

ከዚያ ሲኒ አመጡ። ሲኒው «ዛሬ» ማለት ነው። ከሁሉ ፊት አስቀመጡት። አሁን ቢላዋው ሦስተኛ ሆነ ብዬ ስጠብቅ ማንኪያውን አንስተው ከቢላዋው ኋላ አኖሩት። ዛሬ፣ ይበላል፣ ሰውየው፣ ድንች። ሲኒው ይምጣ፣ ሳህን ይምጣ፣ ማን ይምጣ፣ ቢላዋው ከሁለተኛ ቦታው አይነቃነቅም። የሚገፋው ማንኪያው ነው። ይህ ሕግ ደስ አለኝ። ሰውየው ምንም ቢኩራራ ከቦታው የሚነሳበት ቋንቋ አገኘሁ ማለት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንገቱ የተጣመመ አንድ ማንኪያ መርጬ አስተርጓሚውን አደረግሁት። ማዳም ምሳሌ ሲሰጡ ላም ሣር ላይ ትቆማለች፣ ሰውየው ወተት ይጠጣል ይላሉ። የእኔ ምሳሌ ሌላ ነው። «ደ ማን ፋልት»፣ ሰውየው ይወድቃል። «ፋንዳኽ ፋልት ደ ማን»፣ ዛሬ ይወድቃል ሰውየው። ነገም ይወድቃል፣ ውኃ ውስጥም ይወድቃል፣ ገበያ መሃልም ይወድቃል። በየቦታው ጣልሁት።

«ይሄ ምስኪን ሰው ለምን ሁልጊዜ ይወድቃል?» አሉኝ አንድ ቀን ማዳም።

«እግሩ ደካማ ነው» አልኋቸው።

ሁሉም ነገር አልቀለለኝም። ከስም በፊት የምትገባ ትንሽ ቃል አለች፤ ለአንዱ «ደ»፣ ለሌላው «ሄት» ትባላለች። ለየትኛው የትኛዋ እንደሆነች ምክንያቱን ስጠይቅ ማዳም ትከሻቸውን ሰበቁ። በቃል ያዢ፣ ምክንያት የለውም። ተናደድሁ። ማን ቀድሞ ይግባ ማን ይቆይ ብሎ እንዳሰኘው የሚወስን በረኛ ሌላም ቦታ አለ ማለት ነው። አንቺና እርስዎም አላቸው፦ «ዬይ» ለቅርብ ሰው፣ «ኡ» ለሚከበር። ሐኪሙን «ኡ» በያቸው አሉኝ። የሚጠላ ሰውስ ምን ይባላል ስል አሰብ አደረጉና፣ የማያውቁት ሰው ከሆነ እሱም «ኡ» ነው አሉ። አልተቀበልኋቸውም። ልብስ ሳሰጣ ብቻዬን «ዬይ፣ ዬይ፣ ዬይ» እያልሁ ስለማመድ ውዬ አውቃለሁ።

ያለቀስሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ማፍረስ፣ ማለት «አይደለም» ማለትን የተማርን ዕለት። በአማርኛ «አትሰማም» ስንል ገና ከአፋችን ሲወጣ የሚያፈርሰው ፊደል ከፊት ቆሟል፤ የሚሰማው ሰው መጥፎ ወሬ መምጣቱን ያውቃል። በነሱ ግን «ኒት» የሚሏት ቃል ዘግይታ፣ ከግሱ ኋላ ነው የምትመጣው። ማዳም ስለ ራሴ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሪ አሉኝ። «መይን ሙደር ሆርት» አልሁ፣ እናቴ ትሰማለች። ሦስቱን ቃል ብዬ ትንፋሽ ወሰድሁ። እዚያ ላይ ማቆም ፈለግሁ። አራተኛዋን «ኒት» ስጨምር ድንቹና ቢላዋው ደበዘዙብኝ። ማዳም ድንች ሲላጥ እንደ ሽንኩርት የሚያስለቅስ መስሏቸው ይሁን አዝነውልኝ፣ መሐረብ ሰጡኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛ ቢላዋ መጣ። ያለፈ ነገር ሲወራ ግሱ ለሁለት ይከፈላል። ትንሹ ቢላዋ በለመደበት ሁለተኛ ቦታ ይቀመጣል፤ ትልቁ፣ ነገሩን ይዞ ያለው፣ ከሁሉ ኋላ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ። መሃል ያለው ሁሉ እስኪያልፍ ምን እንደተደረገ አይታወቅም። ማዳም ይህ ለጀማሪ ከባድ ነው ሲሉኝ እኔ ግን ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። እኛ ስንናገር ዕድሜ ልካችንን መጨረሻውን ስንጠብቅ አይደል የኖርነው።

ምሳ እያቀረብሁ ነው የሰማሁት። ሐኪሙ ሾርባቸውን እየጠጡ ለማዳም ስለ ክሊኒኳ ያወራሉ። እኔ ጭልፋ ይዤ ከጀርባቸው ቆሜያለሁ። አንዲት አሮጊት አሉ። ከሐይቁ ወገን አሉ። ከመርፌው በኋላ ደንቁራ ቀረች አሉ። እሷ፣ ብለው ትንሹን ቢላዋ አስቀመጡ። መቼም፣ ምንም፣ ስለ «ኦረን» አሉ። ኦረን ጆሮዎች ናቸው፤ የሰውነት ክፍሎችን ከማዳም ተምሬ ጨርሻለሁ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሾርባ ጎረሱ። ትልቁ ቢላዋ አልመጣም። እኔ ጭልፋዬን ይዤ ቆምሁ። ዋጡና «ኸዜኽት» አሉ። ተናገረች ማለት ነው። እሷ መቼም ስለ ጆሮዋ ምንም አልተናገረችም።

በሆላንድኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ የገባኝ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

ማግስቱን ማዳምን ነገሩን አዙሬ ጠየቅሁ። ያ መርፌ ጆሮ ይጎዳል አሉኝ፤ በሽተኛው ጆሮዬ ጮኸ ካለ ባለቤቴ በዚያው ቀን ያቆሙታል፣ ሁሉን በሽተኛ ያስጠይቃሉ። እናቴ ሦስት ጊዜ ተናግራለች። ሦስቱንም ጊዜ ቀርቀሃው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ንዴቴ እስከዚያ ቀን ጥርጣሬ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲህ ጥርት አለ።

እዚያው ቤት ለሐኪሙ ለምን አልነገርሽም የሚሉኝ አሉ። ብነግር ነገሩ በቤት ውስጥ ያልቅ ነበራ። ሐኪሙ ጠርተው ይቆጡታል፣ እሱም አንገቱን ይደፋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሩ ላይ ይቆማል። እናቴ «ወሬ አበዛች» የተባለችው ሰው በተሰለፈበት ደጅ ነው። የእሱም በዚያ ልክ እንዲሆን ፈለግሁ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ።

አባቴ ሙግት አዋቂ ነበር። በድሮው ሥርዓት የተበደለ ሰው በዳዩን መንገድ ላይ ካገኘው የልብሱን ጫፍ ከራሱ ልብስ ጋር ይቋጥርና የሚያልፈውን መንገደኛ «በጃንሆይ አምላክ ዳኝነት እይልኝ» ይለዋል። መንገደኛው ጌታ ይሁን ደሃ፣ ቸኩሎም ቢሆን፣ የሁለቱን ቃል ሳይሰማ ማለፍ ነውር ነው። እኔ ባደግሁበት ዘመን ፍርድ ቤቱ ተከፍቶ ይህ ነገር እየቀረ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን አልረሱትም። መንገደኛው ፈረንጅ ከሆነስ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

በገበያ ቀን ሐኪሙ ደብዳቤ ለመቀበል በጋሪ ወደ ከተማው መሃል ይወርዳሉ። አስተርጓሚው አብሯቸው ይሄድና እግረ መንገዱን ሰው እንዲያየው ከጋሪው ወርዶ በጎን በኩል ይራመዳል። ያን ቀን ዝናብ ጥሎ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ነው። ጋሪ በጋሪ ላይ ተደርቦ ቆሟል። ከኋላው መጣሁና የነጠላዬን ጫፍ ልቋጥር ስል ካፖርት ለቋጠሮ የማይመች መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። ቀበቶው ላይ አሰርሁት። ሁለት ጊዜ ቋጠርሁ።

«ምን አባሽ ነው» ብሎ ዞረ።

«በጃንሆይ አምላክ» አልሁ ወደ ጋሪው። «ሐኪም፣ መንገደኛ ዳኛዬ ነዎት። ቃሌን ሳይሰሙ አይለፉኝ።»

አንድ ሽማግሌ በቅሎ ሊሸጡ የመጡ፣ ተራመዱና የጋሪውን ፈረስ ልጓም ያዙ። «በጃንሆይ አምላክ ተብሏል፤ አይታለፍም» አሉ ለባለጋሪው። ሰው ተሰበሰበ። ሐኪሙ ግራ ገብቷቸው ወደ አስተርጓሚያቸው አዩ። እሱ ነገሩ ሲገባው ሳቀ፣ ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ።

«ክሰሻ። ማን ሊያስተረጉምልሽ ነው? እኔው?»

ሰዉም ሳቀ። ስቆ እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ በአማርኛ ለሰዉ፣ ቀጥሎ በሆላንድኛ ለሐኪሙ እያልሁ ጀመርሁ። የጀማሪ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፣ አጫጭር፤ ማንኪያ፣ ቢላዋ፣ ድንች። እናቴ ታመመች። ይህ ሰው በር ላይ ቆመ። እናቴ ስለ ጆሮዋ ሦስት ጊዜ ተናገረች። ይህ ሰው ሰማ። ይህ ሰው ለእርስዎ አልተናገረም። ሐኪሙ በመጀመሪያዋ ቃል ጋሪው ላይ እንዳሉ ደነገጡ፣ በሁለተኛዋ ወረዱ፣ «ኦረን» ስል ባርኔጣቸውን አወለቁ። አስተርጓሚው አንዴ የከሳሿን አንዴ የዳኛውን አፍ ያያል። ፊቱ ባዶ ነው፣ ያ የምወደው ባዶ ፊት። መጨረሻ ላይ «መይን ሙደር ሆርት ኒት» አልሁ። አሁን አላለቀስሁም።

እሱ ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ሲጀምር ሽማግሌው ከለከሉት። «እሷ በምንሰማው አፍ ተናግራ ነው ወደ ዳኛው የሄደችው። አንተም እንዲሁ። በሹክሹክታ ሙግት የለም።»

ተናገረ። እንዲህ ይናገራል ብዬ አልጠበቅሁም። ያስተባብላል፣ ውሸታም ናት ይላል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ፣ አገውኛ የገበያውን ያህል እንጂ አላውቅም አለ። አሮጊቷ ስትናገር ጆሮ የሚለውን ሰምቻለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አልያዝሁትም። እንግሊዝኛዬም የክሊኒክ ነው፤ ሆድ፣ ትኩሳት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያ አልችልም። አልገባኝም ብል እንጀራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ልጅቷ ላግዝህ ስትለኝ ያባረርኋት አለማወቄ እንዳይታይብኝ ነው። አሮጊቷ ደንቁራ ወጣች ሲሉኝ ወደ ዘንገና ሄጄ እግሯ ላይ ልወድቅ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ነበር፣ እንጅባራ ደርሼ ተመለስሁ። ይህን ሁሉ ሲል ድምፁ ይቆራረጣል። ሲስቅ የነበረው ሰው ለመስማት ተጠጋ።

ከዚያ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሊለው ወደ ሐኪሙ ዞረ። አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ማፈር በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አያውቅም። ወደ እኔ ዞረ። በነጠላዬና በቀበቶው ታስረናልና ፊቱ በጣም ቅርብ ነበር።

«እህቴ፣ አንቺ ንገሪልኝ» አለኝ።

«ዋት ዜኽት ሄይ?» አሉ ሐኪሙም በእኩል ጊዜ፤ ምን ይላል?

መናገር እችል ነበር። ይህን ማንም አይውሰድብኝ። መፍራትን አውቃለሁ፣ እንጀራን አውቃለሁ፣ ስለ ምክንያት ሲወራ ቢላዋዎቹ ሁሉ ወደ መጨረሻ እንደሚሄዱም ማዳም አስተምረውኛል። እየተሰባበረም ቢሆን ይገባቸው ነበር።

«ሄይ ዌት ሄት ኒት» አልሁ። አያውቅም።

ሐኪሙ አልገረማቸውም። ረጅም ንግግር አጭር ሆኖ ሲደርሳቸው ዓመታት ለምደዋል። ሰውየውን ትንሽ አዩትና በእንግሊዝኛ አንዲት ነገር አሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን በራሳቸው ጣት ፈቱት። አስተርጓሚው ካፖርቱን ሳያስተካክል በጋሪዎቹ መሃል ሄደ። ወደ ክሊኒኳም አልተመለሰም።

ሽማግሌው ልጓሙን ለቀው ወደ እኔ መጡ። ሆላንድኛ አያውቁም። ርዝመት ግን ያውቃሉ።

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ነገርሽለት?»

«አጠር አድርጌ ነግሬያለሁ» አልኋቸው።

በሳምንቱ የሰውየው ቦታ ለእኔ ተሰጠኝ። ማዳም ኮርተውብኛል፤ ለሐኪሙ ያዘጋጀሁት ድንገተኛ ደስታ ይህ መሆኑን ሲያስቡ ግን አንዳንዴ አተኩረው ያዩኝ ነበር፣ ድንችም አብረን መላጥ ተውን። በር ላይ አልቆምም፣ እውስጥ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። በሽተኛ ያለውን ሁሉ፣ የበሬውን ሞትና የጎረቤቱን ጠብ ሳይቀር አስተረጉማለሁ። ሐኪሙ ሰው ሲበዛባቸው እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ እየመቱ «ኮርት፣ ኮርት» ይሉኛል፤ አሳጥሪው ማለት ነው። ለካ እሳቸውም ማጠር ይወዱ ነበር። እኔ ግን አላሳጥርም። በሥራ ዘመኔ ያሳጠርሁት የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው፣ ያም ሥራው ሳይሰጠኝ በፊት ነው። ተጸጽተሻል ወይ ለሚሉኝ፣ አልተጸጸትሁም። ነገሩን ግን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ ከላይ እንዳያችሁት፣ አንዲትም ሳላስቀር። በቀል በሆላንድኛ ምን እንደሚባል ደግሞ አላውቅም። ማዳምን ብጠይቅ ያውቁብኝ ነበር።

ለእናቴ ልነግራት ዘንገና ወጣሁ። ደጅ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። በእጄም በፊቴም ሁሉን አሳየኋት፦ ካፖርቱን፣ ቋጠሮውን፣ ጋሪውን፣ የሐኪሙን ባርኔጣ፣ የሰዉን ብዛት። ሰውየውን የከሰስሁበትን ቋንቋ ማሳየት አቃተኝ፤ አፌን ብቻ እያሳየሁ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከደነቆረች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ እንዝርቷን አስቀመጠችና፣ ድምፅዋን መመጠን ትታ ስለነበር መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እሱስ? እሱ ምን አለ?»

መዳፌን አፌ ላይ ከድኜ ራሴን ነቀነቅሁ። ምንም።

ፊቴን ትንሽ አየችው። ከዚያ አመነችኝ፣ እንዝርቷንም አነሳች። ከእኔ ሌላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።